ባሉን ፍሬም ወይስ ፕላትፎርም፦ አሮጌ የእንጨት ቤት ለሚገዙና ለሚያድሱ

አሜሪካ ውስጥ ከ1940 በፊት የተሠራ፣ ፎቅ ያለው የእንጨት ቤት ለመግዛት ካሰቡ ኩሽናውን ከማየትዎ በፊት ባትሪ ይዘው ከመሬት በታች ወዳለው ክፍል፣ ወደ ቤዝመንቱ፣ ይውረዱ። የውጭው ግድግዳ መሠረቱ ላይ የሚያርፍበትን ጠርዝ ይፈልጉና ቀና ብለው ያብሩበት። ብርሃኑ ከተጋደመ እንጨት ጋር ተጋጭቶ ከቆመ ጥሩ ነው። በሁለት ቋሚዎች መሐል ሽቅብ እየሄደ ከጠፋ ግን ቤቱ ባሉን ፍሬም ነው ማለት ነው፤ ያ ጨለማ ከጣሪያው ሥር እስካለው ክፍት ቦታ፣ እስከ አቲኩ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል።

ከዚህ በኋላ የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ይህን ቤት ልግዛ ወይስ ሌላ ልፈልግ? ከገዛሁት ወይም አሁን እየኖርኩበት ከሆነስ ክፍተቱን በምን ልዝጋው? ለሁለቱም መልስ የሚሰጠው ቀዳዳው እንጂ እንጨቱ አይደለም። አዲሱም ቤት ከእንጨት ነው የሚሠራው።

ሁለቱ አሠራሮች የሚለያዩበት

በባሉን ፍሬም ስተድ የሚባሉት የውጭ ግድግዳ ቋሚዎች መሠረቱ ላይ ከተጋደመው ወፍራም እንጨት ተነሥተው ሳይቆረጡ እስከ ጣሪያው ጠርዝ ይወጣሉ። 18 ወይም 20 ጫማ የሚረዝም አንድ ወጥ እንጨት ነው። የሁለተኛውን ወለል የሚሸከሙት፣ ጆይስት የሚባሉት እንጨቶች የሚያርፉት ቋሚዎቹ ተቦርቡረው በገባባቸው፣ ሪበን በሚባል ቀጭን ጣውላ ላይ ነው። ስለዚህ በየሁለቱ ቋሚዎች መሐል 14 ኢንች ገደማ ስፋትና 4 ኢንች ገደማ ጥልቀት ያለው ባዶ ሳጥን ከታች እስከ ላይ ክፍት ሆኖ ይቀራል። በየወለሉም ወደ ጎን፣ ወደ ጆይስቶቹ መሐል፣ አፉን ይከፍታል።

በፕላትፎርም ፍሬም አናጢው መጀመሪያ አንዱን ወለል ጨርሶ ጣውላውን ያነጥፋል። በዚያ ላይ የአንድ ወለል ቁመት ብቻ ያለው ግድግዳ ያቆማል፣ አናቱ ላይ አግዳሚ ይመታበታል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ወለል ይጀምራል። በግድግዳው ግርጌና አናት የተመቱት አግዳሚዎች ዋና ሥራቸው መሸከም ነው፤ በዚያው ግን በየወለሉ እሳቱን ይገታሉ።

ባሉን ፍሬም የተስፋፋው በ1830ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ነው። ረጅምና ቀጥ ያለ እንጨት ሞልቶ ነበር፣ ሚስማርም በማሽን እየተሠራ ረክሷል፤ የተካነ አናጢ ግን እጥረት ነበር። ስሙ የመጣው እንጨት በመሰንቆር የሚገጥሙ የድሮ አናጢዎች “እንደ ባሉን ነፋስ ይወስደዋል” ብለው ስላፌዙበት ነው ይባላል። ብዙ ሰው ስለዚህ አሠራር ሲያወራ የ1871ዱን የቺካጎ ቃጠሎ ያነሣል። 300 ገደማ ሰው የሞተበትና 100,000 ገደማ ሰው ቤት አልባ የሆነበት እሳት ነው። ዋና ምክንያቶቹ ግን ድርቅ፣ ነፋስ፣ የእንጨት ጣሪያና የእንጨት የእግረኛ መንገድ ስለነበሩ ጥፋቱን ሁሉ በግድግዳው ክፍተት ላይ መጫን ልክ አይመስለንም። ክፍተቱ በደንብ የሚታየው አንድ ቤት ብቻውን ሲቃጠል ነው። ረጅሙ እንጨት እየተወደደ ሲመጣ፣ በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ፕላትፎርም ቦታውን ወሰደ።

እሳቱ ምን ያደርጋል

ቤዝመንት ውስጥ የተነሣ እሳት ባሉን ፍሬም ቤት ሲያገኝ መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቀዋል። ትኩስ ጋዝ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲወጣም ከታች አየር ይስባል፣ አየሩ እሳቱን ያራግበዋል። ጭስ ማውጫ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ግድግዳው ውስጥ ይሆናል፤ የዚህ ጭስ ማውጫ ግድግዳ ግን መቶ ዓመት የደረቀ እንጨት ነው። መካከለኛ ቤት ዙሪያውን እንዲህ ያለ ሰማንያ፣ ዘጠና ክፍተት አለው። ሳሎኑም መኝታ ቤቱም ደህና ሳለ አቲኩ ሊቀጣጠል ይችላል። እሳት አጥፊዎች እዚህ ዓይነት ቤት ሲደርሱ፣ እሳቱ ታች እያለ፣ ፈጥነው አቲኩን የሚያዩት ለዚህ ነው። ተቃራኒውም ይሆናል፤ አቲክ ላይ የተነሣ እሳት ፍሙን በክፍተቱ እያወረደ ቤዝመንት ውስጥ ሌላ እሳት ይለኩሳል።

ጭቃ ቤት ያደገ ሰው “የእኛም ቤት እንጨት ነበር” ቢል እውነቱን ነው። ግን በቋሚውና በማገሩ መሐል ጭቃ ተመርጎበታልና እሳት የሚሮጥበት ባዶ ቦታ ግድግዳው ውስጥ የለም። አገር ቤት እሳት የሚሮጠው ከኮርኒሱ በላይ ነው፦ በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ ክፍሎች መሐል ግድግዳው እስከ ቆርቆሮው ካልደረሰ፣ እሳቱ የጎረቤትን ቤት ከላይ ይገባበታል። ያንን የኮርኒስ ክፍተት በሐሳብዎ አቁመው ግድግዳ ውስጥ ይክተቱት፤ ባሉን ፍሬም ማለት ያ ነው።

ስለዚህ በራስዎ ያጠፉት ትንሽ እሳት እንኳ ግድግዳ አጠገብ ከነበረ 911 ይደውሉ። እሳት አጥፊዎቹ በሙቀት ካሜራ ግድግዳውን ያዩታል። እስኪደርሱ ከሶኬት ወይም ከግድግዳው ግርጌ ጭስ የሚወጣ ከሆነ፣ ቀለሙ አረፋ ካወጣ ወይም ግድግዳው በአንድ ቦታ ብቻ ከሞቀ፣ እሳቱ አልጠፋም፤ ሰው ሁሉ ይውጣ።

ገበያ ላይ ካሉት የቱ ይሻላል?

በግድግዳ ውስጥ የሚስፋፋን እሳት ብቻ ካየን ከ1950 እስከ 1990 አካባቢ የተሠራ ፕላትፎርም ቤት ይበልጣል። አግዳሚዎቹ አሉ፣ ጆይስቶቹም ብዙ ጊዜ ሙሉ እንጨት ናቸው። ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው። ከኩሽና ቁም ሣጥን በላይ ያለው ባዶ ሳጥን ወደ ግድግዳው ክፍት ሊሆን ይችላል፤ የቧንቧ ቀዳዳዎችም ሳይታሸጉ ይቀራሉ። ከ1965 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ከተሠራ ደግሞ የኤሌክትሪክ ገመዱ አሉሚኒየም እንዳይሆን ያስመርምሩ።

አዲስ ቤት በሁሉም ነገር ይበልጣል የሚለው እምነት ግን ይስተካከል። ዛሬ ወለሉን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ አይ ጆይስት ነው፦ ላይና ታቹ ቀጭን እንጨት፣ መሐሉ ተጣብቆ የተሠራ ስስ ሰሌዳ። ከታች እሳት ሲነካው ከድሮው ሙሉ እንጨት በጣም ቀድሞ ይወድቃል። አይአርሲ የሚባለው የመኖሪያ ቤቶች ኮድ ከ2012 እትሙ ጀምሮ እንዲህ ያለ ወለል ከሥሩ ግማሽ ኢንች ጂፕሰም ቦርድ (ድራይዎል) እንዲለብስ ወይም ተመጣጣኝ መከላከያ እንዲኖረው የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃውም አለ። የዕቃዎችን ደህንነት የሚፈትሸው አንደርራይተርስ ላቦራቶሪስ ባደረገው ሙከራ በዘመኑ ሶፋና ምንጣፍ የተሞላ ክፍል ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሲቀጣጠል፣ በድሮ የጥጥና የእንጨት ዕቃ የተሞላው 29 ደቂቃ ገደማ ፈጅቶበታል። ሶፋውን ይዘውት የሚገቡት እርስዎ ስለሆኑ ይህ ለአሮጌውም ለአዲሱም ቤት ይሠራል።

ባሉን ፍሬም ቤቶችን እርስ በርስ ካወዳደርን ምርጫችን ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል። ያልተነካው፣ ፕላስተሩ የተሰነጣጠቀው፣ ቤዝመንቱ ራቁቱን የሆነው ቤት በስድስት ወር ታድሶ በነጭ ቀለም ከሚያበራው ይሻላል። በመጀመሪያው ችግሩን በዓይን ያዩታል፣ ዋጋም ይደራደሩበታል። በሁለተኛው ድራይዎሉ ሁሉንም ሸፍኖታል። ለአዲሱ መታጠቢያ ቤት ቧንቧ ሲሳብ፣ ለኤሲ ቱቦ ሲገባ፣ ድሮ የነበሩት ጥቂት መዝጊያዎች እንኳ ተቆርጠው ወጥተው ሊሆን ይችላል። ግድግዳው ተከፍቶ ሳለ የእሳት መዝጊያ ማስገባት የአንድ አናጢ የአንድ ሁለት ቀን ሥራ ነበር፤ ከተዘጋ በኋላ ግን ውድ ነው። ስለዚህ ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ድራይዎሉ ከመለጠፉ በፊት የተነሣ ፎቶና ኢንስፔክተር የፈረመበት የፍሬሚንግ ፐርሚት፣ ማለትም የቤቱ እንጨት ሥራ ፈቃድ። ሁለቱም ከሌሉ እንዳልተዘጋ ቆጥረው ዋጋውን ያስሉ።

ከተማውም ይለያያል። በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ በሲያትል ሴንትራል ዲስትሪክት፣ በቦስተን ባለ ሦስት ፎቅ ቤቶች፣ ዲሲ አካባቢ ደግሞ በታኮማ፣ በብሩክላንድና በአናኮስቲያ አሮጌ የእንጨት ቤት ብዙ ነው። ዴንቨር ግን በ1863 ከደረሰባት ቃጠሎ በኋላ በጡብ እንዲሠራ ስላዘዘች አሮጌ ቤቶቿ አብዛኞቹ ጡብ ናቸው። ራው ሃውስ የሚባሉት የዲሲና የባልቲሞር የተያያዙ ቤቶችም አብዛኞቹ ግድግዳቸው ጡብ ስለሆነ የባሉን ፍሬም ችግር የለባቸውም። የእነሱ ጣጣ ልክ እንደ ኮርኒሱ ነው፦ ከጣሪያው ሥር ያለው ክፍተት ከጎረቤት ጋር የሚገናኝ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ። ከኋላቸው የተቀጠለው የእንጨት ክፍል ደግሞ በጡቡ ሒሳብ አይታይም፤ ለብቻው ይመረመራል።

ባሉን ፍሬም መሆኑን ማረጋገጫ

የቤዝመንቱ ባትሪ የመጀመሪያው ነው። ቤዝመንቱ በድራይዎል ከተሸፈነ አቲክ ይውጡና ከጣሪያው ጠርዝ ይልቅ ሦስት ማዕዘን የሆነውን የጎን ግድግዳ ይዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በጣሪያው ጠርዝ በኩል ቋሚዎቹ አናት ላይ ብዙ ጊዜ አግዳሚ ስላለ “ተዘግቷል” ብሎ ይወርዳል። በሦስት ማዕዘኑ በኩል ግን ቋሚዎቹ አግዳሚ ሳይነካቸው እስከ ጣሪያው እንጨት ይወጣሉና ክፍተቱ አቲኩ ውስጥ አፉን ከፍቶ ይገኛል። እዚያ ጫፉ ላይ ብሎን የታሰረበት ገመድ ያውርዱ፤ ሰው ቤዝመንት ሆኖ ሲንኳኳ ይስማ። ገመዱ 18 ጫማ ወርዶ ቤዝመንት ከታየ ጥያቄው ተዘጋ። በ8 ወይም 9 ጫማ ላይ ከቆመ የሁለተኛው ወለል ላይ መዝጊያ ሊኖር ይችላል፤ በሌላ ከፍታ ላይ ከቆመ የመስኮት ራስ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ክፍተት ይሞክሩ።

የውስጥ ግድግዳዎችንም አይርሱ። የመሐለኛው ተሸካሚ ግድግዳ፣ የወፍራሙ ፍሳሽ ቧንቧ መተላለፊያ፣ የደረጃው ሥርና የጭስ ማውጫው ዙሪያ እያንዳንዳቸው ከውጭው ግድግዳ የማያንስ መንገድ ናቸው። ቧንቧው የሚያልፍበት እንዲያውም ከሁሉም ይሰፋል።

በምን ይዘጋ?

እንጨት። 2 ኢንች የሚባለው ጣውላ፣ ማለትም በልኩ 1 ኢንች ተኩል የሆነው፣ በኮዱ የተፈቀደና ርካሹ መዝጊያ ነው። እንጨት እሳትን ይዘጋል መባሉ የሚያስገርመው ካለ፣ ሥራው እሳቱን ማጥፋት ሳይሆን አየሩን ቆርጦ ጊዜ መግዛት ነው። ወጥመዱ ልኩ ላይ ነው። ዛሬ መደብር የሚሸጠው ቱ ባይ ፎር (2 በ4) ጣውላ ስፋቱ 3 ኢንች ተኩል ነው፤ የድሮው ቋሚ ግን እውነተኛ 4 ኢንች ወይም ጥቂት ያነሰ ነው። አናጢው ቱ ባይ ፎር ቆርጦ ሲያስገባ ከኋላው ግማሽ ኢንች ክፍተት ይቀራል፤ በ14 ኢንች ስፋት ሲታይ ይህ ትንሽ ቀዳዳ አይደለም። ስለዚህ ቱ ባይ ሲክስ (2 በ6) ተገዝቶ በየክፍተቱ ጥልቀት ይሰነጠቅ።

ጂፕሰም ቦርድ፣ ግማሽ ኢንች። በቢላ ስለሚቆረጥና አቧራው ስለሚያንስ ቤዝመንት ውስጥ ለሰፊው መክፈቻ ምቹ ነው። እርጥበት የሚያንጠባጥብበት ቦታ ላይ ግን ይፈርሳል።

ሚነራል ዉል፣ ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራው ሱፍ። ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። ክፍተቱ ጠማማ ሲሆን፣ ገመድና ቧንቧ ሲበዛበት፣ ከእንጨት ይልቅ እሱን እንመርጣለን። ከክፍተቱ ትንሽ ሰፋ አድርጎ ቆርጦ ጨምቆ ማስገባት ነው። የሚወድቅ ከሆነ ሽቦ ወይም ቁራጭ እንጨት ይደገፍበት።

ፋይበርግላስ። ኮዱ ይፈቅደዋል፤ ነገር ግን ወረቀት ያልተለጠፈበት ሆኖ የክፍተቱን ሙሉ ስፋትና ጥልቀት ሞልቶ፣ ቢያንስ 16 ኢንች ከፍታ ይዞ ነው። ቤዝመንት ውስጥ ጠርዝ ለጠርዝ ተወትፎ የሚታየው ሮዝ ጥጥ አብዛኛውን ጊዜ ይህን አያሟላም። ቡናማ ወረቀቱ ወደ ክፍሉ ዞሮ ከታየ ራሱ ተቀጣጣይ ነው።

በግፊት የሚሞላ ሴሉሎስ። ቦሬት የሚባል እሳት የሚያዘገይ ማዕድን የተቀላቀለበት የተፈጨ ወረቀት ነው፤ በ2 ኢንች ገደማ ቀዳዳ ቱቦ ገብቶ ክፍተቱ ከታች እስከ ላይ ይሞላል። ግድግዳ ሳይፈርስ ሁለተኛውን ወለል ለመድረስ ከዚህ የሚቀል ዘዴ የለም፤ የማሞቂያ ወጪም ይቀንሳል። ቁም ነገሩ ጥግግቱ ነው፦ በአንድ ኪዩቢክ ጫማ 3.5 ፓውንድ። ሒሳቡን ራስዎ መሥራት ይችላሉ። 4 በ14 ኢንች የሆነ፣ 18 ጫማ የሚወጣ ክፍተት 7 ኪዩቢክ ጫማ ይይዛል፤ ስለዚህ 24 ፓውንድ ተኩል ያህል ሴሉሎስ ይገባበታል። የመስኮቱንና የበሩን ቦታ ቀንሰው ጠቅላላውን በከረጢቱ ላይ በተጻፈው ክብደት ያካፍሉ። ኮንትራክተሩ ከወጣው ቁጥር ግማሽ ያህል ከረጢት ብቻ ይዞ ከመጣ ግድግዳዎ ላላ ብሎ ነው የሚሞላው። ከዓመታት በኋላ ይረግፍና ላዩ እንደገና ባዶ ይሆናል። ለእሳት መዝጊያነት የተፈተነ ምርት መሆኑንም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሁሉም ሴሉሎስ አይደለም።

ስፕሬይ ፎም። ለሙቀት መከላከያ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን አንመክረውም። ፕላስቲክ ነው፤ ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዛማ ነው። በቆርቆሮ የሚሸጠው ብርቱካናማው ፎም ለገመድና ለቧንቧ ዙሪያ ቀጭን ቀዳዳ ነው እንጂ 14 ኢንች መክፈቻ እንዲዘጋ አልተሠራም። “ፋየር ብሎክ” የሚለውን ጽሑፍ አይቶ ሙሉ ክፍተት በእሱ የሚሞላ ሰው ብዙ ነው።

ከኤሌክትሪኩ ይጀምሩ

ክፍተቱን ከመዝጋት በፊት ውስጡ ምን ገመድ እንዳለ መታወቅ አለበት። በነጭ ሸክላ ጉብታዎች ላይ ነጠላ ነጠላውን የተዘረጋው የድሮ ገመድ፣ ኖብ ኤንድ ቲዩብ የሚባለው፣ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው አየር ነው። በሴሉሎስ ወይም በፎም ከተቀበረ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ኮዱም ይከለክላል። ኢንሹራንሶችም ብዙዎቹ ይህ ገመድ ያለበትን ቤት አይቀበሉም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ገመዱን መቀየር፣ ከዚያ መዝጋት ነው። የተገላቢጦሽ ከሆነ ኤሌክትሪሽያኑ የዘጉትን ሁሉ እንደገና ይበሳዋል።

የእኛ ሰው ቤት ውስጥ ደግሞ ምጣዱ አለ። እንፋሎቱና ሽታው ላይ እንዳይገባ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ ልክ ክፍተቶቹ አፋቸውን ከሚከፍቱበት ሥር። 1,500 ዋት ምጣድ በ120 ቮልት 12.5 አምፒር ይስባል፤ 15 አምፒር በሆነ የድሮ መስመር ላይ ለሌላ ነገር የሚተርፍ የለም። ፊውዝ በሚጠቀም አሮጌ ሳጥን ውስጥ ፊውዙ እየተቃጠለ ያስቸገረው የቀድሞ ባለቤት 30 አምፒር ሰክቶበት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚግለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ነው። ለምጣዱ የራሱ 20 አምፒር መስመር ይዘርጉለት፣ በማራዘሚያ ገመድ አይሰኩት፣ ከላዩ ያለው ጣሪያም ጂፕሰም ይልበስ። የቡናው ከሰል አመድ ክዳን ባለው ብረት ዕቃ ውጭ ይደር። በወረቀት ከረጢት የእንጨት በረንዳ ላይ የተቀመጠ አመድ ከአንድ ቀን በኋላም ፍም ሊይዝ ይችላል።

ቤዝመንቱን መዝጋት

ገንዘብዎ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ይህን ይሥሩ። ከታች አየር ካልተሳበ ከላይ ያለው ክፍተት ጉልበቱ ይቀንሳል። ግድግዳም አይፈርስም።

26 በ30 ጫማ የሆነ ቤት ዙሪያው 112 ጫማ ነው፤ ቋሚዎቹ በየ16 ኢንች ስለሚቆሙ 84 ክፍተት ይወጣል። ለአንድ ዙር ባለ 8 ጫማ ቱ ባይ ሲክስ 14 ያህል ይበቃል፤ ለብክነት 2 ይጨምሩ። ግን በአንድ ልክ 84 ቁራጭ አስቆርጠው አይምጡ። ቤዝመንት ላይ ጆይስቱ ከቋሚው ጎን ተጠግቶ ስለሚቸነከር መክፈቻው 12 ኢንች ገደማ ይሆናል፤ ጆይስቶቹ ከግድግዳው ጋር በትይዩ በሚሄዱበት በኩል ደግሞ 14 ነው። የድሮ አናጢ በየ16 ኢንቹ ያቆመው በዓይኑ እየገመተ የሆነበት ቤትም አለ።

መጀመሪያ መክፈቻውን በቫኪዩም ያጽዱ፤ መቶ ዓመት የተጠራቀመ አቧራ፣ የአይጥ ጎጆና የጋዜጣ ቁራጭ ይወጣል። ወርቃማ ግራጫ፣ እንደ ትንንሽ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ጠጠር እየፈሰሰ ከመጣ ያቁሙ፤ ቨርሚኩላይት ነው፣ አስቤስቶስ እንዳለበት ተቆጥሮ በባለሙያ ይነሣል። ከዚያ እያንዳንዱን መክፈቻ ለየብቻ ይለኩና መዝጊያውን ከወለሉ ጣውላ እኩል አጋድመው፣ ወይም የጆይስቱን ሙሉ ቁመት ሸፍኖ እንዲቆም አድርገው ይግጠሙት። የተለመደው ስሕተት መሠረቱ ላይ ባለው እንጨት አናት ጥጥ አስቀምጦ ከበላዩ ያለውን ባዶ መተው ነው። በመዶሻ ሳይሆን በብሎን ይሰሩት፤ ከላይ ያለው ፕላስተር ርብራቡን የያዘው በጀርባው ባበጠ ኖራ ብቻ ስለሆነ በመዶሻ ንዝረት ይረግፋል። ዙሪያውን በማሸጊያ ይዝጉ። ቧንቧና ገመድ በሚያልፍበት ሚነራል ዉል ጠቅጥቀው በላዩ እሳት የሚቋቋም ማሸጊያ ይቀቡ። እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር አስደግፈው ፎቶ ያንሡ፤ ለኢንሹራንሱም ለቀጣዩ ገዢም ይጠቅማል።

የጭስ ማውጫው ዙሪያ ብቻ እንጨት አይገባም። በቤቱ ውስጥ በሚያልፍ የጡብ ጭስ ማውጫና በእንጨቱ መሐል 2 ኢንች ርቀት መኖር አለበት። ያ ርቀት በየወለሉ በቆርቆሮ ተደግፎ በማይቃጠል ነገር ይዘጋል።

ሁለተኛው ወለልና አቲኩ

አቲኩ ቀላል ነው፤ የሦስት ማዕዘኑን ክፍተቶችና የውስጥ ግድግዳዎቹን አናት ከላይ ሆነው በእንጨት ወይም በሚነራል ዉል ይደፍናሉ። የሚያስቸግረው መሐሉ ነው። ሦስት መንገድ አለ። የውጭ ልባሱ የሚቀየር ከሆነ በሁለተኛው ወለል ከፍታ ላይ አንድ ሁለት ረድፍ ጣውላ አስነሥቶ ከውጭ መዝጋት ከሁሉም ይመረጣል፤ ቤተሰቡም አይረበሽም። ወለሉ የሚታደስ ከሆነ በግድግዳው ዳር ያለውን ጣውላ አንሥቶ ከላይ መግባት ይቻላል። ሁለቱም ካልሆነ ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ የሚሞሉ ከሆነ ቤዝመንቱ አስቀድሞ ካልተዘጋ ሁሉም ታች ይፈስሳል። በሁለተኛው ወለል ላይም ወደ ጆይስቶቹ መሐል እየገባ ከረጢት ይበላል፤ ጥሩ ባለሙያ እዚያ ላይ መጀመሪያ የጨርቅ ከረጢት አስገብቶ እሱን በመሙላት ይደፍነዋል። ጨረታ ሲቀበሉ “በሁለተኛው ወለል ጆይስት ላይ ምን ታደርጋለህ?” ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ካልገባው ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ግድግዳ መብሳት እርሳስ ያለበትን ቀለም ማቧነን ሊሆን ስለሚችል፣ ልጆች ካሉ ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያለው ድርጅት ይሥራው። የጭስ ማንቂያዎቹም እርስ በርስ የተያያዙ፣ በየመኝታ ቤቱ፣ ከመኝታ ቤቶቹ ውጭና በየወለሉ፣ ቤዝመንቱንም ጨምሮ ይሁኑ። በየ10 ዓመቱ ይቀየራሉ። ባሉን ፍሬም ቤት ካለዎት አቲኩ ላይም ሙቀት የሚለይ ማንቂያ እንጨምርበታለን፤ የጭሱ ዓይነት እዚያ በአቧራና በበጋ ሙቀት ያለ ምክንያት ይጮኻል።

ሁሉም ከተዘጋ በኋላ የሚበላሸው በሌላ ሰው እጅ ነው። የኢንተርኔት ገመድ ሊያስገባ የመጣው ሠራተኛ በረጅም መሰርሰሪያ መዝጊያውን 1 ኢንች በስቶ፣ ቀጭን ገመድ አሳልፎ፣ ቀዳዳውን እንደተከፈተ ትቶት ይሄዳል። ማሸጊያ ቱቦውን ቤዝመንት መደርደሪያ ላይ ያኑሩት፤ ሰውየው ፊርማ ሲጠይቅዎት ቀዳዳው የት እንደሆነ ያሳይዎት።